በጦርነት ጊዜ ፈረንሳይን የሚመራት ማን ነው? ፕሬዝዳንቱ ወይስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ?

ጥያቄው፦ «በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ስታሸንፍ ስሙ የሚነሳው ክሌማንሶ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በ1940 ስትሸነፍ የሚነሳው ፔታን ነው። በሁለቱም ጊዜ ፕሬዝዳንት አልነበራትም እንዴ? ከነበራት ምን ይሠራ ነበር? ዛሬ ደግሞ ማክሮን ብቻውን ጦር የሚያዝ ነው የሚመስለው። ይሄ ለውጥ ከየት መጣ?»

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ። ነበራት እንጂ። በ1914 ፕሬዝዳንቱ ሬሞን ፑዋንካሬ ነበር፣ በ1940 አልቤር ሌብረን። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሁለቱም የሎሬን ሰዎች ናቸው፤ ጀርመን ከ1870ው ጦርነት በኋላ ከፊሉን ቆርሳ የወሰደችው ክፍለ ሀገር ማለት ነው። ሁለቱም የሠሩት በአንድ ሕገ መንግሥት ነው። ሥልጣናቸው በአንዲት መስመር እንኳ አይለያይም። እንዲያም ሆኖ የአንዱ ዘመን በድል አለቀ፣ የሌላው ዘመን ደግሞ ከሪፐብሊኩ ጋር አብሮ ተቀበረ።

እኔ በብዙ ዓመት ንባብና ማስተማር የደረስኩበት ይህ ነው። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት አገር በመምራት ረገድ እውነተኛ ሥልጣኑ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነውን ሰው መጥራት። ፑዋንካሬ በኖቬምበር 1917 በዚህች ሥልጣን አገሩን ከውድቀት መለሰ። ሌብረን በጁን 1940 በዚህችው ሥልጣን ጦርነቱን አቁሞ ከጀርመን ጋር ለተስማማው ለማርሻል ፔታን በር ከፈተ። በኋላ ራሱ ፕሬዝዳንት የሆነው ጄኔራል ደጎል ደግሞ የሌብረንን ውድቀት አይቶ የዛሬውን ኃያል ፕሬዝዳንት ፈጠረ። ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር የ1940ው ትምህርት ሲወሰድ የ1917ቱ መረሳቱ ነው። በዝርዝር ልሂድበት።

መጀመሪያ ፕሬዝዳንቱ ለምን እንዲህ አቅም አጣ? መነሻው ፍርሃት ነው። በ1870 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ራሱ ከጦሩ ጋር ዘምቶ ሴፕቴምበር 2 ቀን ሴዳን ላይ ተማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ ፓሪስ ውስጥ ሪፐብሊክ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ፈረንሳዮች አንድ ሰው ጦሩንም መንግሥቱንም ጠቅልሎ ሲይዝ ማየት አልፈለጉም። በ1875 የወጡት ሕጎች ለፕሬዝዳንቱ በወረቀት ብዙ ሰጥተውታል። የታጠቀውን ኃይል ያዛል ይላሉ። ውል ይዋዋላል፣ ምሕረት ያደርጋል፣ ሴኔቱ ከፈቀደለት የተወካዮች ምክር ቤቱን ይበትናል። ግን የሚፈርመው ነገር ሁሉ የአንድ ሚኒስትር ፊርማ ካልታከለበት ዋጋ የለውም። ጦርነት ለማወጅም የሁለቱን ምክር ቤቶች ቅድመ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ፕሬዝዳንቱ ማርሻል ማክማኦን በ1877 ይህን የወረቀት ሥልጣን ሊሠራበት ሞከረ። ምክር ቤቱን በተነ። ሕዝቡ ግን በምርጫ ሪፐብሊካውያኑን በአብላጫ መልሶ ላከለት። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ በጃንዋሪ 1879 ለቀቀ። ከእሱ በኋላ እስከ 1940 ድረስ አንድም ፕሬዝዳንት ምክር ቤት ለመበተን አልደፈረም። የፕሬዝዳንቱ መኖሪያ የኤሊዜ ቤተ መንግሥት የግብዣና የሥነ ሥርዓት ቤት ሆኖ ቀረ። የቀረችው ያቺ አንዲት ነገር ናት፤ መንግሥት ሲወድቅ ማን ይጠራ የሚለው። መንግሥት በየጥቂት ወሩ በሚወድቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ 1914 እንምጣ። በጁላይ መጨረሻ ፑዋንካሬና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቪቪያኒ ከሩሲያ ጉብኝት በመርከብ እየተመለሱ ነበር። አውሮፓ ስትነድ የፈረንሳይ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ባሕር ላይ ናቸው ማለት ነው። ዳንኬርክ የገቡት ጁላይ 29 ቀን ነው። ኦገስት 1 የክተት አዋጅ ወጣ። ኦገስት 3 ጀርመን ጦርነት አወጀች። በማግስቱ የፕሬዝዳንቱ መልእክት ምክር ቤት ውስጥ ተነበበ፤ ፓርቲዎቹ ጠባቸውን ትተው የገቡበት «የተቀደሰ አንድነት» የሚባለው ነገር ስሙን ያገኘው ከዚያ መልእክት ነው። ልብ በል፣ ፑዋንካሬ ራሱ ገብቶ አላነበበውም። ፕሬዝዳንት ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ እንዲናገር ልማዱ አይፈቅድም። ያነበበለት ቪቪያኒ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ለሲቪሉ መንግሥት የውርደት ወራት ናቸው። ጀርመኖች ፓሪስን ሲቃረቡ መንግሥቱ ሴፕቴምበር 2 ቀን ለቅቆ ወደ ቦርዶ ሄደ። ምክር ቤቱ ተዘግቷል። አገሪቱን በተግባር የያዛት ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል ጆፍር ነበር። ማርን ወንዝ ላይ ጀርመኖችን ሲያስቆም ደግሞ ስሙ ገነነ፣ ማን ይናገረው? የጦር ቀጠና ተብሎ በተከለለው ምድር የምክር ቤት አባል ገብቶ የሚያየው ነገር በእሱ በጎ ፈቃድ ነው። ፑዋንካሬ ራሱ፣ በሕጉ የታጠቀውን ኃይል የሚያዘው ሰው፣ ከጆፍር ዘንድ ወሬ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ነው እያለ ያማርር ነበር።

ነገሩን የለወጠው ፕሬዝዳንቱ አይደለም። ፓርላማው ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኤሚል ድሪያን የሚባል ሰው ነበር። የናንሲ ተመራጭና የምክር ቤቱ የጦር ኮሚቴ አባል ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ቨርደን ግንባር ላይ ሁለት ሻለቃ ይመራ ነበር። በ1915 ክረምት ከመግባቱ በፊት ቨርደን ባዶዋን እንደሆነች በዓይኑ አየ። ከምሽጎቹ መድፎች እየተነቀሉ ወደ ሌላ ግንባር ተወስደዋል፤ ጉድጓዱ አልተቆፈረም፣ ሽቦው አልተዘረጋም፣ የሚቆፍርም ሰው የለም። ድሪያን ለአለቆቹ ተናግሮ ሰሚ ሲያጣ በኦገስት 1915 ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጻፈ። ጉዳዩ ወደ ጦር ሚኒስትሩ ወደ ጋሊዬኒ ደረሰ፤ ጋሊዬኒም ጆፍርን ጠየቀ። ጆፍር በቁጣ መለሰ። የበታቾቼ እኔን አልፈው ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረባቸው የሠራዊቱን ሥነ ሥርዓት ማፍረስ ነው፣ ማን እንደጻፈ ንገሩኝ የሚል ነበር መልሱ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1916 ጀርመኖች ቨርደን ላይ ያን የመድፍ ዶፍ አወረዱት። የመጀመሪያው ምት ያረፈው የድሪያን ሰዎች በያዙት የኮር ጫካ ላይ ነው። ድሪያን በማግስቱ እዚያው ተገደለ።

እስቲ አስበው። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር። ያስጠነቀቀው ሰው ሞተ። የተቆጣው ጄኔራል ግን ቦታው ላይ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ቁጣው ገነፈለና በጁን 1916 ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ስብሰባ ተደረገ። ጋዜጠኛ የለም፣ ተመልካች የለም፣ በሩ ተዘግቶ ተወካዮቹ መንግሥቱን ፊት ለፊት አፋጠጡት። ከተናገሩት አንዱ ግንባር ላይ ቆስሎ የተመለሰው አንድሬ ማዢኖ ነው፤ በኋላ ስሙ በጀርመን ድንበር ለተሠራው የምሽግ መስመር የተሰጠው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ጆፍር የማርሻል ማዕረግ ተሰጥቶት በክብር ገለል ተደረገ። ጦሩ ለሲቪሉ ተጠያቂ መሆኑ በዚህ መንገድ ነው ቀስ በቀስ የተመለሰው። የፕሬዝዳንት ትእዛዝ አይደለም የመለሰው። ኮሚቴ፣ ጥያቄ፣ ዝግ ስብሰባ፣ እንደገና ጥያቄ።

ፕሬዝዳንቱ ብቻውን ምን ማድረግ እንደማይችል ማየት ከፈለግህ ደግሞ ኤፕሪል 6 ቀን 1917ን ተመልከት። ኮምፕየኝ ከተማ፣ የፕሬዝዳንቱ ባቡር ውስጥ። አዲሱ ጠቅላይ አዛዥ ኒቬል በሁለት ቀን ግንባሩን እበጥሳለሁ ብሎ ተነስቷል። የጦር ሚኒስትሩ ፓንልቬ አላመነውም። ፔታንን ጨምሮ የጦር ቡድኖቹ አዛዦችም ተጠርተው ጥርጣሬያቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው ፑዋንካሬ ነው። ኒቬል ካላመናችሁኝ እለቃለሁ አለ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ደነገጡና ያባብሉት ጀመር። ማንም «አይሆንም» ሳይል ተበተኑ። ከአሥር ቀን በኋላ ጥቃቱ ተጀመረ፤ ሼማን ዴ ዳም ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ወደቀ፣ ግንባሩም አልተበጠሰም። ቀጥሎ ብዙ ክፍለ ጦሮች ውስጥ አመፅ ተነሳ። ወታደሮቹ ምሽግ መጠበቁን አልተውም፤ ለከንቱ ጥቃት አንወጣም ነው ያሉት። ፔታን ተተክቶ አረጋጋቸው። ጦር ፍርድ ቤቶች ከ500 በላይ የሞት ፍርድ ፈረዱ፤ አብዛኛው ግን አልተፈጸመም፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የፑዋንካሬ የምሕረት ሥልጣን ሠርታለች። ፕሬዝዳንቱ ጥቃቱን ማስቆም አልቻለም፣ ከጥቃቱ በኋላ ግን የሰው ነፍስ ማትረፍ ችሏል።

አሁን ወደ ወሳኙ ቀን ደረስን። ኖቬምበር 13 ቀን 1917 የፓንልቬ መንግሥት በምክር ቤት ድምፅ ወደቀ። ሩሲያ ውስጥ ቦልሼቪኮች ሥልጣን ከያዙ ሳምንት አልሞላም። ጣሊያን ካፖሬቶ ላይ ተሰብሯል። ፑዋንካሬ ፊት በግልጽ የተቀመጡት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጀርመን ጋር የመደራደር ዝንባሌ አለው የሚባለው የዦዜፍ ካዮ መንገድ። ሌላኛው ጦርነቱን እስከ መጨረሻው የሚገፋው የ76 ዓመቱ ዦርዥ ክሌማንሶ።

ፑዋንካሬና ክሌማንሶ ዓይንና ናጫ ነበሩ። በ1913 ፑዋንካሬ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ክሌማንሶ ከምርጫው ውጣ ብሎ ፊት ለፊት ነግሮታል። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህም በጋዜጣው መንግሥቱን ሲቀጠቅጥ ነው የኖረው። ጋዜጣው «ነፃው ሰው» ይባል ነበር፣ ሳንሱር ሲያግደው ስሙን «በሰንሰለት የታሰረው ሰው» ብሎ ቀይሮ መጻፉን ቀጠለ። ፑዋንካሬ ይህን ሰው ቢጠራ ራሱ ከዚያ በኋላ ጥግ ይዞ እንደሚቀመጥ ያውቃል። አውቆም ጠራው። ለእኔ በዚያ ጦርነት የፑዋንካሬ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የሚጠላውን፣ የሚያዋርደውን፣ ግን ሥራውን የሚችለውን ሰው ጠርቶ ሥልጣኑን አስረከበው።

ክሌማንሶ የጦር ሚኒስትርነቱንም ራሱ ያዘ። በማርች 1918 ምክር ቤት ፊት ቆሞ የአገር ውስጥ ፖሊሲህ ምንድን ነው ለሚሉት ጦርነት አካሂዳለሁ፣ የውጭ ፖሊሲህስ ለሚሉት ጦርነት አካሂዳለሁ ብሎ መለሰ። ከሚኒስቴሩ እየወጣ ምሽግ ድረስ ይሄዳል፤ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ከተራ ወታደር ጋር ቆሞ ሲያወራ የሚያሳዩት ፎቶዎች ዛሬም አሉ። ግን የሠራው ሁሉ በፓርላማ ፈቃድ ነው። እሱ ራሱ የወጣው ከዚያ ነው፤ የሴኔቱ የጦር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ የመድፍና የጥይት እጥረቱን ሲመረምር ቆይቷል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉዳዩን ከጄኔራሎቹ አይማርም፣ ያውቀዋል። ምክር ቤቱ በፈለገው ቀን ሊጥለው ይችል ነበር። አልጣለውም።

ማርች 21 ቀን 1918 ጀርመኖች የእንግሊዝን ግንባር ጥሰው ገቡ። ከአምስት ቀን በኋላ በአሚየን አቅራቢያ ባለችው ዱለን ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መሪዎች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው እንደ ደንቡ ፑዋንካሬ ነው፣ ነገሩን የጨረሰው ክሌማንሶ ነው። የሁለቱን አገሮች ጦር እንዲያስተባብር የፈረንሳዩ ጄኔራል ፎሽ ተሾመ። ተጣልተውም እንኳ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ያየሁበት ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው። ጠባቸው ግን አልበረደም። በኦክቶበር 1918 ፑዋንካሬ የተኩስ አቁም ንግግሩ የወታደሮቻችንን ጅማት መቁረጥ ነው ብሎ ሲጽፍለት ክሌማንሶ በብስጭት እለቃለሁ አለ። ፑዋንካሬ ለቀቅ አደረገ። ኖቬምበር 11 ተኩስ ቆመ።

1940ን ለመረዳት ይህን ሁሉ በአእምሮህ ያዘው።

ሌብረን ክፉ ሰው አልነበረም። በሙያው መሐንዲስ፣ ጨዋ፣ ታታሪ፣ ሕግ አክባሪ፤ እንባውም ቅርብ ነው። በ1939 ለሁለተኛ ጊዜ የተመረጠው ማንንም ስለማያስቀይም ነው ማለት ይቻላል። በዙሪያው የነበረው ፓርላማ ደግሞ የ1916ቱ ዓይነት አልነበረም። በማርች 1940 የዳላዲዬ መንግሥት ሲወድቅ 300 ተወካዮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የተተካው ፖል ሬይኖ ያለፈው በአንድ ድምፅ ልዩነት ነው። በአንድ ድምፅ! ሬይኖ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቆሞ ነው ሜይ 10 የመጣበትን የጀርመን ጥቃት የተቀበለው።

ጀርመኖች ሴዳን ላይ ጥሰው ሲገቡ ሬይኖ መንፈስ ለማነሳሳት ብሎ ሁለት ስመ ጥር ሽማግሌዎች አመጣ። ከማድሪድ አምባሳደርነቱ ጠርቶ የ84 ዓመቱን ፔታን ምክትሉ አደረገ፤ የ73 ዓመቱን ጄኔራል ዌይጋንን ደግሞ ጠቅላይ አዛዥ። የቨርደን ጀግናና የፎሽ ቀኝ እጅ አብረውት ናቸው ሲባል ሕዝቡ ተጽናና። ሁለቱ ግን ሳይውል ሳያድር ጦርነቱ አልቋል ባዮች ሆኑ።

መንግሥቱ ጁን 10 ፓሪስን ለቀቀ። ቱር አካባቢ በየገጠሩ ባሉ የመኳንንት ቤቶች ተበታትኖ አደረ። ሌብረን ያረፈው ካንዤ በሚባለው ቤት ነው፤ የሚኒስትሮቹም ስብሰባ እዚያ ይደረጋል። ጁን 12 ማታ ዌይጋን እዚያ መጥቶ ለሚኒስትሮቹ የተኩስ አቁም ጠይቁ አላቸው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሬይኖ እንደ ኔዘርላንድ እናድርግ ይላል፤ ጦሩ በሜዳ እጁን ይስጥ፣ መንግሥቱ ግን ባሕር ተሻግሮ ሰሜን አፍሪካ ገብቶ ጦርነቱን ይቀጥል። ዌይጋን ይህ ሠራዊቱን ማዋረድ ነው፣ እጅ የሚሰጠው መንግሥቱ ይሁን ብሎ እምቢ አለ። ጠቅላይ አዛዥ ለመንግሥቱ አልታዘዝም ሲል ማለት ነው። በ1917 ቢሆን ክሌማንሶ እዚያው ያባርረው ነበር። እዚህ ግን ማንም አላባረረውም። ሌብረን ሰማ፣ አዘነ፣ ዝም አለ።

ጁን 16 ማታ፣ ቦርዶ። ሬይኖ ደክሞታል፤ ከሚኒስትሮቹ አብዛኞቹ ከድተውኛል ብሎ ለቀቀ። ድምፅ ግን አልተቆጠረም። ሌብረን እንደ ልማዱ የሁለቱን ምክር ቤቶች መሪዎች፣ ዣንኔንና ኤሪዮን፣ ማንን ልጥራ ብሎ ጠየቃቸው። ሁለቱም ሬይኖን መልስ አሉት። ሌብረን ግን ፔታንን ጠራ። ፔታን ከቦርሳው የተዘጋጀ የሚኒስትሮች ዝርዝር አወጣ። መንግሥት ለማቋቋም ቀናት ሲፈጅ ለለመደው ሌብረን ይህ እፎይታ ነበር። በማግስቱ ፔታን በሬዲዮ ውጊያው ሊቆም ይገባል ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ።

ለሌብረን የሚከራከሩ አሉ። ፕሬዝዳንት የራሱን ፖሊሲ አይከተልም፣ የሚኒስትሮቹን አብላጫ ነው የሚከተለው ይላሉ። ሬይኖም ቢሆን የተኩስ አቁም ከፈለጋችሁ ፔታንን ጥሩ ብሎ መንገዱን አሳይቷል። ይህ እውነት ነው። ግን ፑዋንካሬም በ1917 ያው ሕግ ነበረው፣ ያው ልማድ ነበረው። ልዩነቱ ፑዋንካሬ የሚጠራው ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቆ መምረጡ ነው። ሌብረን የተቆጠረ አብላጫ በሌለበት፣ የሁለቱን ምክር ቤቶች መሪዎች ምክር ትቶ ነው የወሰነው። ያን ማታ ብዕሩ በእጁ ነበር። እኔ ከተጠያቂነት ነፃ ላወጣው አልችልም።

ከዚያም ሌላ ዕድል ነበረው። ሌብረንና የምክር ቤቶቹ መሪዎች ወደ ሰሜን አፍሪካ እንዲሻገሩ ታስቦ ነበር። ማሲልያ የተባለችው መርከብ ጁን 21 ቀን ዳላዲዬን፣ ማንዴልንና ማንዴስ ፍራንስን ጨምሮ 27 የፓርላማ አባላትን ጭና ወደ ካዛብላንካ ሄደች። ሌብረን ሊነሳ ሲል ፒዬር ላቫል ከግብረ አበሮቹ ጋር መጥቶ ጮኸበት፣ አስፈራራው። ቀረ። ይህ ላቫል እኛ የምናውቀው ነው፤ በ1935 ከእንግሊዙ ሆር ጋር ሆኖ ኢትዮጵያን ቆርሶ ለሙሶሊኒ ሊሰጥ የተስማማው ያው ሰውዬ። የኖርዌይ ንጉሥና የኔዘርላንድ ንግሥት በዚያው ወቅት ለንደን ገብተው ሕጋዊ መንግሥታቸውን አተረፉ። ከእነሱ አራት ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጅቡቲ በኩል ሲወጡም ያው ጭንቅ ነበር፤ መሄድ መሸሽ ነው ወይስ መንግሥትን ማትረፍ? እኛ ዘንድ ክርክሩ እስካሁን አላበቃም። ነገር ግን ሌብረን አልጀርስ ቢገባ ኖሮ ፔታን ሕጋዊ ነኝ ማለት ይከብደው ነበር። ለንደን ላይ ትግሉን የቀጠለው ደጎል በእጁ አንድም ሕጋዊ ወረቀት ያልነበረው ለዚህ ነው።

ጁላይ 10 ቪሺ ከተማ፣ ካዚኖ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰበው ፓርላማ በ569 ድምፅ ለ80 ሥልጣኑን ሁሉ ለፔታን አስረከበ። በማግስቱ ፔታን እንደ ንጉሥ «እኛ ፊሊፕ ፔታን» ብሎ ጀምሮ ራሱን ርዕሰ ብሔር አደረገ። ሌብረን የሥራ መልቀቂያ አልጻፈም፣ ተቃውሞም አላሰማም። ቪዚል ወደምትባል ከተማ ሄዶ ተቀመጠ።

ደጎል ይህን ሁሉ በቅርብ አይቷል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሬይኖ መንግሥት ውስጥ ነበር። (ፒያሳ ያለው አደባባይ በስሙ የተጠራው ሰው ነው።) በ1944 ፓሪስ ነፃ ከወጣች በኋላ ሌብረንን አግኝቶት ስለ እሱ የሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ ርዕሰ ብሔር ሆኖ ሳለ ሁለት ነገር ጎደለው፣ እሱ ራሱ መሪ አልነበረም፣ የሚመራውም መንግሥት አልነበረም አለ። በጁን 1946 ባዮ ላይ ባደረገው ንግግር ከፓርቲዎች በላይ የሚቆም፣ በአደጋ ቀን የአገር ነፃነት ዋስ የሚሆን ርዕሰ ብሔር ያስፈልጋል ብሎ ተናገረ። አልሰሙትም። በሜይ 1958 በአልጄሪያው ጦርነት ምክንያት ሪፐብሊኩ ሊፈርስ ሲል ያው ሥልጣን የሌለው ፕሬዝዳንት፣ ረኔ ኮቲ፣ ያቺኑ አንዲት ሥልጣን ተጠቅሞ ደጎልን ጠራ። እምቢ ካላችሁ እለቃለሁ ብሎ ፓርላማውን አስገደደ። ይህንን ሳነብ ሁሌም ሌብረን ይታወሰኛል።

በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት ለ1940 የተሰጠ መልስ ነው። አንቀጽ 5 ፕሬዝዳንቱን የአገር ነፃነት ዋስ ያደርገዋል። አንቀጽ 15 የጦር ኃይሎች የበላይ ነው ይላል። አንቀጽ 16 ደግሞ አገር አደጋ ላይ ስትወድቅና የመንግሥት አካላት መሥራት ሲያቅታቸው ሁኔታው የሚጠይቀውን ሁሉ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። ይህ አንቀጽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ኤፕሪል 1961 አራት ጄኔራሎች አልጀርስን ሲይዙ ደጎል የጦር ልብሱን ለብሶ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ የጡረተኛ ጄኔራሎች ጥርቅም ብሎ ጠራቸውና ማንም እንዳይታዘዛቸው አዘዘ። አልጄሪያ ያሉት ምልምል ወታደሮች በየካምፑ በትንንሽ ሬዲዮ ሰሙት፣ አዛዦቻቸውን አልከተሉም። አመፁ በቀናት ውስጥ ከሸፈ። አንቀጽ 16 ግን እስከ ሴፕቴምበር 29 ቆየ፤ የቀናት አመፅ፣ የአምስት ወር ልዩ ሥልጣን። በ1962 ፕሬዝዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ ተወሰነ። በ1964 የኑክሌር መሣሪያ ትእዛዝ በእጁ ገባ። ማክሮን የወረሰው ይህን ነው።

ታዲያ ማክሮን ብቻውን ጦር ያዘምታል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ማዝመት ይችላል። ከማክሮን በፊት የነበረው ፕሬዝዳንት ኦላንድ ጃንዋሪ 11 ቀን 2013 ማሊ ጦር ያስገባው መጀመሪያ ፓርላማ ጠይቆ አይደለም። ጦርነት ማወጅ ግን የፓርላማ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዛሬ ግን ጦርነት የሚያውጅ የለም፣ ዘመቻ ነው የሚባለው። በ2008 በተሻሻለው አንቀጽ 35 መሠረት መንግሥቱ ዘመቻ በጀመረ በሦስት ቀን ውስጥ ለፓርላማው ያሳውቃል፣ ከአራት ወር ካለፈ ፈቃድ ይጠይቃል። የማሊውም በኤፕሪል ለድምፅ ቀረበ፣ አለፈ። እስካሁን ለማራዘም ተጠይቆ ፓርላማው እምቢ ያለው ዘመቻ የለም።

የ1917ቱ ትምህርት ተረሳ ያልኩት ለዚህ ነው። በጁላይ 2017 የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፒዬር ደ ቪልዬ በምክር ቤቱ የመከላከያ ኮሚቴ ዝግ ስብሰባ ላይ የ850 ሚሊዮን ዩሮ የበጀት ቅነሳውን በጠንካራ ቃል ተቃወመ። ንግግሩ ሾልኮ ወጣ። ማክሮን በማግስቱ በጦር መኮንኖች ፊት አለቃችሁ እኔ ነኝ ብሎ ገሠጸ። ጄኔራሉ በሳምንቱ ለቀቀ። ጄኔራል ለሲቪል መታዘዝ አለበት፤ ዌይጋንን ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ነገር ግን ድሪያን እውነቱን ይዞ የሄደው እንዲህ ወዳለ ኮሚቴና ወዳለ ምክር ቤት ነው፤ ክሌማንሶም ለጦርነቱ የተዘጋጀው እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ነው። የፈረንሳይ ፓርላማ ዛሬ ስለ ጦር ጉዳይ እውነቱን በዝግ በር የሚሰማበት ቦታ አለው፤ የጎደለው በሰማው ነገር መንግሥትን የማስጨነቅ ጉልበቱ ነው።